እብጠቱ ጡት ላይ ነው፤ መነሻውስ?

ሰሞኑን ስለ ሴቶች ካንሰር ምርመራ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰነበተ። ለእኔም ከወዳጅም ከዘመድም ደጋግሞ ደረሰኝ። አብሮት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እውነት ነው እንዴ?» ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው። ከሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቼ ውጤት እጽፋለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኔ መምጣቱ አይገርምም። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ አንድ ላይ ልጻፈው።

የጸሐፊው ሐሳብ ሲጠቀለል ይህ ነው። ጡት ላይ እብጠት ተገኝቶ በመርፌ ናሙና «ካንሰር ነው» ከተባለ የጡት ካንሰር ነው፤ ከዚያ በላይ መመርመር ገንዘብ ማባከን ነው። የኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰርን ለማወቅ ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ ይበቃል። ቀድሞ የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ኦቫሪዋ ላይ ዕጢ ከተገኘ ካንሰሩ ተዛምቷል ማለት ነው፤ አምስት ዓመት ካለፋት ግን ድናለችና የድሮ ፋይል መቆፈር አያስፈልግም። ዕጢ ብረት ከነካው ይሰራጫል። ከየትም ይነሳ ሕክምናው ያው ኬሞ ነው። በመጨረሻም የሁለት ላብራቶሪ ውጤት ከተለያየ አንዱ ውሸት ስለሆነ ውጭ ሄዶ መታየት ይሻላል።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይመስለኝም። የምርመራ ወጪና የቀጠሮ ርዝመት ያንገሸገሸው ሰው ድምፅ ይሰማበታል። ምሬቱ እውነት ነው። ምክሩ ግን ሰው ይጎዳል።

«ጡት ላይ ያለ ካንሰር የጡት ካንሰር ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከመቶ ዘጠና ስምንት ጊዜ ልክ ናቸው። ጡት ላይ ከሚገኙ ካንሰሮች ውስጥ ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነስተው የመጡት ከመቶ ሁለት ገደማ ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው። በአገራችን በሴቶች ላይ በብዛት የሚታየውም የጡት ካንሰር ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር ይከተለዋል። ስለዚህ እብጠት ይዛ የመጣች ሴት ስትታይ መጀመሪያ የጡት ካንሰርን ማሰብ ተገቢ ነው። ችግሩ የመጀመሪያውን ሐሳብ የመጨረሻም ማድረጉ ላይ ነው።

የቀሩት ሁለቱ እነማን ናቸው? የሊምፍ ሴሎች ካንሰር የሆነው ሊምፎማ አለ። የሳንባ ካንሰር አለ። የጨጓራም አለ። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር አለ። ሜላኖማ በጥቁር ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ሳይሆን ውስጥ እግር ላይና ጥፍር ሥር ነው። ለጡት እብጠት የመጣችን ሴት «እስቲ ጫማሽን አውልቂ» የሚል ሐኪም ስንት ይሆን? ከማህፀን አካባቢ ተነስተው ጡት ከሚደርሱት ደግሞ ቀዳሚው የኦቫሪ ካንሰር ነው፤ በተለይ ሴረስ የሚባለው ኃይለኛው ዓይነት።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የማንም ታሪክ አይደለም፣ ግን የሚሆነው እንዲህ ነው። የ54 ዓመት ሴት ናት እንበል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሆዷ ተነፍቶ ኦፕራሲዮን ሆናለች፣ ኬሞ ወስዳለች፣ ድና ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። አሁን ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት፤ ብብቷ ሥርም ንፍፊት አለ። ቀድሞ ወደታከመችበት ሳይሆን ሰፈሯ ወዳለ ሌላ ሐኪም ቤት ሄደች። ስለ ሆዷ ማንም አልጠየቃትም። እሷም «ሆድና ጡት ምን አገናኘው» ብላ አላነሳችም። ናሙናው ወደ እኛ ሲመጣ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ ሴት፣ 54፣ የግራ ጡት እብጠት፣ ካንሰር ይሆን?

ስላይዱን፣ ማለትም ናሙናው በስሱ ተቆርጦ የተለጠፈበትን መስታወት፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስገባ የማየው ጣት ጣት የሚመስሉ ጥቃቅን የካንሰር ክምችቶችን ነው። እያንዳንዳቸው ነጣ ያለ ባዶ ቦታ ውስጥ ተቀምጠዋል። የጡት ካንሰርም ልክ እንዲህ ዓይነት መልክ ያለው ዝርያ አለው፤ ማይክሮፓፒላሪ ይባላል። መሐል መሐል ላይ እንደ ሽንኩርት ተደራርበው የጠነከሩ ትናንሽ የካልሲየም እንክብሎች አሉ። የኦቫሪ ሴረስ ካንሰር እነዚህን ማብዛት ልማዱ ነው። ግን ጡትም ካልሲየም ይሠራል። ከሌላ ቦታ ወደ ጡት የመጣ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ላይ ካልሲየም አያሳይም፣ ኦቫሪ ግን ከዚህ ደንብ ያፈነግጣል። ስለዚህ ማሞግራም ያነበበው ባለሙያም «ካልሲየም አለ፣ የጡት ነው» ቢል አልፈርድበትም።

የሌለውንም መፈለግ አለብኝ። የጡት ካንሰር ሲሆን ብዙ ጊዜ ከጎኑ የወተት ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ ያለ፣ የቱቦውን ግድግዳ ገና ያልጣሰ ካንሰር ይታያል። ያ ካለ መነሻው እዚያው ነው ብዬ በድፍረት እጽፋለሁ። እዚህ የለም። ናሙናው ግን በመርፌ የተወሰደ ቀጭን ቁራጭ ነው። በቁራጩ ውስጥ አለመታየቱ ብቻውን አያስፈርድም።

እንግዲህ ማቅለሚያ ይታዘዛል። ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ነው ስሙ፤ ሐኪሞች አይ ኤች ሲ ይሉታል። ሴሉ ውስጥ የሚፈለገው ፕሮቲን ካለ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። በተለምዶ ለጡት መጀመሪያ የሚታዘዘው የኢስትሮጅን ሪሴፕተር፣ ማለትም ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበለው ፕሮቲን፣ ነው። ተሠራ፣ ቡናማ ሆነ። ብዙ ሰው ፋይሉን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። «ሆርሞን ፖዘቲቭ የጡት ካንሰር» ተብሎ ይጻፍና ሴትዮዋ ታሞክሲፈን የሚባለውን የሆርሞን መድኃኒት ይዛ ትሄዳለች። ነገር ግን አብዛኞቹ የኦቫሪ ሴረስ ካንሰሮችም በዚሁ ምርመራ ቡናማ ይሆናሉ። ሲኬ 7 የሚባለውም ለሁለቱም እሺ ይላል።

ልዩነቱ የሚወጣው ሌሎች ማቅለሚያዎች ሲጨመሩ ነው። ፓክስ 8 እና ደብሊው ቲ 1 ቡናማ ሆነው ጋታ 3 ሳይቀልም ከቀረ መንገዱ ወደ ኦቫሪ ነው። ጋታ 3 ቀልሞ ሁለቱ ካልቀለሙ ወደ ጡት። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ፓክስ 8 ከኩላሊትና ከታይሮይድ የመጣንም ያቀልማል። ደብሊው ቲ 1 በአንዳንድ የጡት ካንሰሮች፣ በተለይ ንፍጥ በሚያመነጨው ዓይነት ላይ ይታያል። ጋታ 3 ደግሞ ለሽንት ፊኛ ካንሰርም፣ ከእንግዴ ልጅ ለሚነሱ ዕጢዎችም፣ ሜዞኔፍሪክ ለሚባለው ብርቅ የማህፀን በር ካንሰርም ይቀልማል። ማማግሎቢን የሚባለው «የጡት ምልክት» የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ላይ ሲወጣ ያየ ሰው በአንድ ማቅለሚያ አይምልም።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? መጠየቂያው ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ብትኖር ኖሮ፣ «ከዚህ በፊት የኦቫሪ ካንሰር ታክማለች» የምትል፣ ከመጀመሪያው የማዝዘው ማቅለሚያ ይለያል። የድሮውን ስላይድ አስመጥቼ ከአዲሱ ጎን ለጎን አየዋለሁ። ይህ መስመር ብር አይጠይቅም። የጸሐፊውን ክርክር አንብቤ ስጨርስ የተሰማኝም ይኸው ነው። እርሳቸው የሚከራከሩት ስለ ምርመራ ብዛት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ግን የምርመራ ማነስ ሳይሆን ታሪኩ አለመነገሩ ነው።

ታሪክ ባይኖርም ጥርጣሬ የሚያጭሩ ነገሮች አሉ። እብጠቱ ከአንድ በላይ ከሆነ፣ በሁለቱም ጡት ከወጣ፣ ጠርዙ የተስተካከለ ክብ ከሆነ፣ ቆዳውንም የጡቱን ጫፍም ካልሳበ፣ የዕጢው መልክ ከተለመደው የጡት ካንሰር ጋር አልገጥም ካለ። ግን እነዚህም አያስተማምኑም። የኦቫሪ ካንሰር ጡት ላይ ሲወርድ ጡቱን አቅልቶና አሳብጦ የጡት ኢንፌክሽን ወይም ኢንፍላማቶሪ የሚባለውን የጡት ካንሰር ሊመስል ይችላል።

«ተጨማሪ ማቅለሚያ ገንዘብ ማባከን ነው»

ሁሉም ሰው ላይ ሁሉንም ማቅለም፣ አዎ፣ ማባከን ነው። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ማቅለሚያው በየቦታው አይገኝም፤ ሲገኝም በነጠላ ይከፈልበታል። የተለመደ መልክ ያለው፣ ቱቦ ውስጥ ያለው ክፍል አብሮት የሚታይ የጡት ካንሰር ላይ ፓክስ 8 የሚያዝ ሰው ካለ ይጠየቅ። ማቅለሚያ የሚታዘዘው ጥያቄ ሲኖር ነው፤ ጥያቄ ደግሞ ከታሪክ ይወጣል።

ከማቅለሚያው በላይ ገንዘብ የሚበላው ግን ማንም የማያወራለት ነገር ነው፦ ናሙናው በምን ተቀምጦ መጣ? አስታማሚዎች ናሙና በፌስታል አንጠልጥለው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሮጡ አይታችሁ ይሆናል። ዕቃው አፉ ጠባብ ጠርሙስ፣ ሥጋው ትልቅ፣ ናሙናው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን የሚባለው ፈሳሽ ደግሞ ከሥር እርጥብ ያደረገው ያህል። ሥጋው ሲገባ ለስላሳ ስለነበር ገባ፤ ሲጠነክር አይወጣም። ጠርሙሱን ሰብረን ያወጣንበት ጊዜ አለ። አንዳንዴ ፎርማሊን ጠፍቶ ግሉኮስ ወይም አልኮል ውስጥ ተደርጎ ይመጣል።

ደንቡ እንዲህ ነው። ናሙናው ከሰውነት ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 ፐርሰንት ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው አሥር እጥፍ ይሁን። የሆርሞን ሪሴፕተር የሚሠራለት የጡት ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ። ከዚህ ሲወጣ ፕሮቲኑ ይበላሻል፣ ማቅለሚያውም ይዋሻል። ቡናማ መሆን የነበረበት ሳይቀልም ይቀራል፤ ሆርሞን ፖዘቲቭ የነበረችው ሴት «ኔጌቲቭ» ተብላ መድኃኒቷን ታጣለች። ዓርብ ከሰዓት የተወሰደ ናሙና ሰኞ ከሰዓት ላብራቶሪ ከደረሰ ሰዓቱ አልቋል። ለዚህ ነው የናሙናው ዕቃ ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፍ ብለን የምንጨቀጭቀው።

«ሲኤ 125 ይበቃል»

አይበቃም። በዚህ ነጥብ አልለሳለስም፤ አገራችን ውስጥ ነገሩ የከፋ ስለሆነ።

ሲኤ 125 ከ35 በላይ ሲሆን «ከፍ ብሏል» ይባላል። ከፍ የሚያደርገው ግን የኦቫሪ ካንሰር ብቻ አይደለም። ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ እርግዝና፣ የወር አበባ፣ ማዮማ፣ የጉበት መጠንከር፣ የልብ ድካም፣ ሁሉም ያንቀሳቅሱታል። የተዛመተ የጡት ካንሰርም ያንቀሳቅሰዋል። በተቃራኒው ገና ኦቫሪ ላይ ብቻ ካለ የመጀመሪያ ደረጃ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ላይ ቁጥሩ ጤናማ ሆኖ ይገኛል።

ዋናው ግን የሆድ ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የሆድ ዕቃን ሽፋን የያዘ ቲቢ ሆድ ውስጥ ውሃ ያቋጥራል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ኦቫሪ አካባቢ ዕጢ የሚመስል ጥቅል ይሠራል፣ ሲኤ 125ን ወደ መቶዎች ይሰቅለዋል። በአልትራሳውንድም በሲቲም ከተሰራጨ የኦቫሪ ካንሰር መለየት ይከብዳል። ናሙና ተወስዶ ሲታይ ግን የቲቢ ምልክት ይገኛል፤ ሕክምናው የስድስት ወር መድኃኒት ነው። በቁጥሩ ብቻ ብንሄድ ይህች ሴት ማህፀኗንና ሁለቱን ኦቫሪዎቿን ታጣ ነበር። ቲቢ ጡት ላይም ይወጣል፤ የጡት ካንሰርን እያስመሰለ።

ሌላም አለ፤ ሜግስ ሲንድሮም። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ጆ ቪንሰንት ሜግስ በ1937 ያሳወቀው ነው። ኦቫሪ ላይ ፋይብሮማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ይወጣል፣ ሆድ ውስጥ ውሃ ይቋጠራል፣ ሳንባ ዙሪያም እንዲሁ፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል። ሲኤ 125 ከፍ ሊል ይችላል። ላየው ሁሉ አራተኛ ደረጃ የደረሰ ካንሰር ነው የሚመስለው። ዕጢው ሲወጣ ውሃው ይደርቃል፤ አለቀ።

የድሮ ፋይል

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ አሉ። የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ኦቫሪ ላይ ዕጢ ከወጣ ተዛምቷል፤ አምስት ዓመት ካለፈ ደግሞ ያለፈው አልፏል። ሁለቱም አያስኬዱም። እርስ በርሳቸውም አይስማሙም።

የጡት ካንሰር በእርግጥ ወደ ኦቫሪ ይሄዳል፤ በተለይ ሎቡላር የሚባለው ዓይነት። ሎቡላር ሴሎቹ እርስ በርስ የሚያያዙበትን ፕሮቲን ስላጡ ተነጣጥለው አንድ በአንድ ይሰርጋሉ። ኦቫሪ፣ የማህፀን ግድግዳ፣ ጨጓራ፣ የሆድ ሽፋን ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ ይገባሉ። ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ማህፀን ውስጥ ከወጣ ተራ ፖሊፕ ውስጥ ተደብቀው የተገኙበት ጊዜ አለ። ቢሆንም የጡት ካንሰር ታሪክ ያላት ሴት ኦቫሪ ላይ አዲስ ካንሰር ሲገኝ ከጡት ከመምጣቱ ይልቅ ራሱን የቻለ የኦቫሪ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ብዙ ጊዜ ያመዝናል። አንዱ ምክንያት ዘር ነው። ብራካ 1 የሚባለው ጂን የተበላሸባት ሴት በዕድሜዋ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከመቶ 70 ገደማ፣ በኦቫሪ ደግሞ ከመቶ 40 በላይ ነው። በብራካ 2 የኦቫሪው ከመቶ 17 ገደማ ይሆናል። ሁለት ካንሰር በአንዲት ሴት ላይ፣ ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ። «ተዛምቷል» ብሎ ተስፋ ማስቆረጥና «አዲስ ነው፣ በቀዶ ሕክምና እንጀምር» ማለት አንድ አይደሉም። እህቶቿና ልጆቿም መመርመር ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ኦቫሪ ሲነሳ ክሩከንበርግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1896 ፍሪድሪሽ ክሩከንበርግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ኦቫሪ ላይ የሚወጣ አዲስ ዓይነት ዕጢ አገኘሁ ብሎ ጻፈ። እዚያው ኦቫሪ ውስጥ የሚነሳ ሳርኮማ (የደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ካንሰር) መስሎት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1902፣ ሽላገንሃውፈር የተባለ ሌላ ሐኪም ዕጢው ከጨጓራና ከአንጀት አካባቢ የሚመጣ መሆኑን አሳየ። ዕጢው ግን ዛሬም የሚጠራው መነሻውን በሳተው ሰው ስም ነው። እኛም ስንስት ብቻችንን አይደለንም።

ወደ አምስት ዓመቱ ልመለስ። ግራኑሎሳ ሴል የሚባል ብርቅ የኦቫሪ ዕጢ አለ። ኢስትሮጅን ስለሚያመነጭ የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ያለፏትን ሴት እንደገና ሊያደማት ይችላል። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ቀስ ብሎም ነው የሚመለሰው። ከ10፣ ከ20 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይመጣል። ሴትዮዋ «ድሮ ሳልወልድ አንድ ዕጢ አውጥተውልኝ ነበር» ብላ ነው የምትናገረው፣ ያውም ከተጠየቀች። ያ ዓረፍተ ነገር ካልተነገረኝ ሆዷ ውስጥ ወይም ሳንባዋ ላይ የወጣውን ነገር ሌላ ስም ልሰጠው እችላለሁ። ከተነገረኝ ግን ኢንሂቢን የሚባለውን ማቅለሚያ አዝዤ፣ እንደ ቡና ፍሬ መሐላቸው የተሰነጠቀውን ሴሎች ፈልጌ፣ ነገሩ ይቋጫል። በ2009 ደግሞ ተመራማሪዎች በአዋቂ ሴቶች ላይ የሚወጣው ግራኑሎሳ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት የጂን ስህተት እንዳለበት አገኙ፤ ፎክስ ኤል 2 በሚባለው ጂን ላይ። ይህን የሚሠራ ላብራቶሪ በየቦታው የለም፤ የድሮ ፋይልና የድሮ ብሎክ (በሰም ተዘግቶ የተቀመጠ ናሙና) ግን ሊኖር ይችላል።

«ብርቅ» የሚለው ቃል አያታልላችሁ። አውሮፓ ውስጥ ብርቅ ካንሰር የሚባለው በዓመት ከ100,000 ሰው ከ6 በታች የሚይዘው ነው። የኦቫሪና የማህፀን ዕጢ ዓይነቶች ደግሞ ከ30 በላይ ስለሆኑ እያንዳንዱ ብርቅ ቢሆንም ሲደማመሩ ብዙ ናቸው።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል»

ለጡት፣ አይደለም። በመርፌ ናሙና መውሰድ በዓለም ሁሉ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ናሙና ሳይወሰድ ጡት የሚቆረጥበት ዘመን አልፏል፤ ማለፍም ነበረበት። ሰዎች ናሙና ሰጥታ በወሩ የባሰባትን ዘመድ ያስታውሳሉ። ብዙ ጊዜ ያባሰው ናሙናው ሳይሆን ከናሙናው በፊት በቤት የተቆጠረው ዓመት ነው።

ጸሐፊው ሳያውቁት እውነት የተናገሩበት ቦታ ግን አለ፦ ኦቫሪ። ገና ኦቫሪው ውስጥ ተዘግቶ ያለ፣ ካንሰር ሊሆን ይችላል ተብሎ የተጠረጠረ ዕጢ አይወጋም። ሳይቀደድ ሙሉውን ነው የሚወጣው። ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ የካንሰሩ ደረጃ ከአንድ ኤ ወደ አንድ ሲ ይሻገራል፤ ሕክምናውም ይከብዳል። አስቀድሞ የተሰራጨ ከሆነ ግን ከሆድ ሽፋን ናሙና መውሰድም፣ የተቋጠረውን ውሃ ቀድቶ መመርመርም ችግር የለውም። ያ ውሃ እንዳይደፋ አደራ። ዝቃጩን ሰብስበን እንደ ሥጋ ብሎክ እንሠራዋለን፤ ማቅለሚያውም ይሠራበታል።

ሌላው ከእንግዴ ልጅ የሚነሳው ኮሪዮካርሲኖማ ነው። በጣም ስለሚደማ ናሙና ከመውሰድ ይልቅ ኤች ሲ ጂ በሚባለው የእርግዝና ሆርሞን የደም ምርመራ ይለያል። የወለደች ወይም ያስወረዳት ወጣት ሴት ደም እያሳለች፣ ራጅ ላይ ሳንባዋ ነጠብጣብ ሆኖ ቲቢ ተብላ መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ ብትደረግ ፍንጩ ይገኛል።

«ከየትም ይነሳ፣ ያው ኬሞ ነው»

ይህን ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አላመንኩም።

ኮሪዮካርሲኖማ ሳንባ ደርሶ እንኳ በመድኃኒት የሚድን ካንሰር ነው። በወጣት ልጃገረዶች ላይ የሚወጣው ዲስጀርሚኖማ የሚባል የኦቫሪ ካንሰር ሲሆን አንዱ ኦቫሪ ብቻ ወጥቶ፣ ካስፈለገ ኬሞ ተጨምሮ፣ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ሊጠበቅ ይችላል። ለኦቫሪ ሴረስ ካንሰር ቀዶ ሕክምናውና ካርቦፕላቲን ከፓክሊታክሴል ጋር የሚሰጥበት ኬሞ ነው ዋናው። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን አለ፣ ሄር 2 የሚባለው ፕሮቲን ለበዛባት ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ። ሊምፎማ ጡት ላይ ሲወጣ ጡት መቁረጥ ትርጉም የለውም። በሌላ በኩል በአማካይ በ24 ዓመት ገደማ ሴቶችን የሚይዝ፣ በብዙዎቹ ላይ የደም ካልሲየምን ከፍ የሚያደርግ ስሞል ሴል የሚባል ኃይለኛ የኦቫሪ ካንሰር አለ፤ ከዲስጀርሚኖማ ጋር ከተምታታ የሚባክነው ጊዜ አይመለስም። በምሳሌዬ ያለችው የ54 ዓመቷ ሴትስ? ጡቷ ቢቆረጥ ካንሰሩ ሆዷ ውስጥ አለ። ጡቷንም አጣች፣ ጊዜዋንም አጣች።

«ውጤት ከተለያየ አንዱ ውሸት ነው»

አንዳንዴ አንዱ ተሳስቷል፤ እንሳሳታለን። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱ ላብራቶሪዎች ያዩት አንድ ነገር አይደለም። አንዱ በቀጭን መርፌ የተቀዳ ሴል ነው ያየው፤ «ካንሰር ነው» ከማለት አልፎ መነሻውን ለመናገር አይመቸውም። ሌላው ቁራጭ ሥጋ አይቶ «አዴኖካርሲኖማ (ፈሳሽ ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር)፣ መነሻው ይጣራ» አለ። እነዚህ አይቃረኑም። አንዱ ሌላው ካቆመበት ቀጠለ እንጂ።

ሁለተኛ አስተያየት መፈለግ መብታችሁ ነው፤ እኔም እመክራለሁ። አሜሪካ ላለ ሐኪም ዘመድ የሪፖርቱን ፎቶ በቴሌግራም መላክ ግን ሁለተኛ አስተያየት አይደለም። እሱ የሚያነበው ያው እኔ የጻፍኩትን ነው። ወደ ሕንድም ሆነ ወደ ታይላንድ የምትሄዱ ከሆነ ከሪፖርቱ ጋር ስላይዶቹንና የሰም ብሎኩን ከላብራቶሪው ፈርማችሁ ውሰዱ። ያለ ብሎክ ከሄዳችሁ እዚያ አዲስ ናሙና ይወሰዳል፣ አዲስ ይከፈላል። ከዚህ በፊት ማንኛውም ዕጢ ወጥቶላችሁ ከነበረ፣ ጡትም ይሁን ማህፀን፣ ትንሽም ይሁን «ምንም አይደለም» የተባለ፣ የዚያንም ወረቀት አብራችሁ አድርጉ። ወረቀቱ ከጠፋ ያወጡላችሁን ሐኪም ቤት ስምና ዓመቱን ጻፉ፤ አንዳንድ ቦታ ብሎክ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። ስላይዱ በሶፍት ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ከተጣለ ይሰበራል፣ የፕላስቲክ መያዣ ጠይቁ። ብሎኩ ደግሞ ሰም ስለሆነ በፀሐይ መኪና ውስጥ አይተው። ስትመለሱም አስረክቡ፤ ለሌላ ጊዜ ያስፈልጋችኋል።